በሁዳዴ ጥብስ የሸተተ ማሽን

የእንጨት መቅረጫ ማሽኔን ማንም አልሠራልኝም፤ አሠራሩንም ማንም አላስተማረኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ዛሬ እንዲህ ያለው ዕቃ በሳጥን ታሽጎ ከነመመሪያው ስለሚመጣ፣ የዘንድሮ ሰው ድሮም እንደዚያው የነበረ እንዳይመስለው ብዬ ነው። ሞተሩን ያገኘሁት ምናለሽ ተራ ነው፤ ከምን እንደወለቀ ሻጩም አያውቅም ነበር። መቀመጫው ከተጣለ የመኪና ሻንሲ የተቆረጠ ብረት ነው። መሮዎቹ ከመኪና ባሌስትራ ስባሪ ራሴ ቀጥቅጬ የሳልኳቸው ናቸው፤ ከሞተሩ ወደ እንጨት ማዞሪያው ዘንግ የሚሄደውን ቺንጋ ደግሞ ከከባድ መኪና ጎማ ቆርጬ ሰፋሁት። በደርግ ጊዜ ላምበረት አካባቢ፣ ከአንዲት ክፍል ቤቴ ጓሮ ቆርቆሮ ከለልኩና ተከልኩት። መጀመሪያ የዞረ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ አፉን ይዞ ቆመ። እኔ አልገረመኝም፤ እንደሚዞር አውቅ ነበር።

ማሽን መሥራት ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ማኖሩ ነው፤ ልክ እንደ ትዳር። ሥራ በጨረስኩ ቁጥር ሰጋቱራውን በዶሮ ላባ ከየስርቻው እጠርጋለሁ፤ መጥረጊያ የማይደርስበት ላባ ይደርሳል። ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አጠብቃለሁ። ከዚያ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ አቁሜ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አስደግፌ አዳምጣለሁ። ሞተር ሲታመም ከመቆሙ በፊት ይናገራል፤ ሰው ነው የማይሰማው። ጋራዥ ውስጥ ያረጁ መካኒኮች ይህን ሳደርግ አይተው ከማን እንደተማርኩ ጠይቀውኛል። ከማንም አልተማርኩም።

አንድ ዓመት ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ አለቀ። ያን ጊዜ መለዋወጫ እንደ ዝናብ የሚጠበቅ ነገር ነበር፤ ሲመጣ ደግሞ ለመንግሥት መኪና ነው። እኔ አልለመንኩም። ደረቅ ወይራ ፈልጬ፣ መሐሉን በስቼ፣ ዘንጉ በእንጨት ውስጥ እንዲዞር አደረግኩት። ወይራ ከብረት የማይተናነስ እንጨት ነው። የቀረኝ ማለስለሻ ብቻ ነበር። ግራሶ የሚባል ነገር ስለጠፋ በሞራ ለመተካት ወሰንኩ። በቅበላ ሰሞን ሰው ሁሉ ሉካንዳ ቤት ተሰልፎ ለስጋ ሲጋፋ፣ እኔ ሞራዬን በጋዜጣ አስጠቅልዬ ወጣሁ። በሞራ የታሸ ወይራ ውስጥ ዘንጉ እንደ ሕልም ይዞር ነበር። ሞራው ስህተት ነበር የሚሉኝ አሉ። ስህተት የነበረው ወሩ ነው።

በዚያው ሰሞን ሽማግሌ ልኬ ነበር። የፈለግኳት ልጅ በቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና የምታድል፣ ምላሷ ከመሮዬ የተሳለ ነበረች። ቤታቸው ከእኔ ጓሮ በስተጀርባ ነው፤ የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ። አባትየው ጡረታ የወጡ፣ የእድራችን ሰብሳቢ፣ ማኅሌት ሳይቆሙ የማያድሩ ጠንካራ ሰው ነበሩ። ከሽማግሌዎቹ ዋናው ተናጋሪ አንድ የቀድሞ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። መተዳደሪያዬን ሲጠየቅ ማሽን እንዳለኝ ተናገረ። አባትየው ያ ማሽን ሳይሆን ቆርቆሮ ከቆርቆሮ የሚያፋጭ ነገር ነው ብለው ሳቁበት። መጨረሻ ላይ ግን ቁርጡን ነገሩት፤ ማሽኑ በእውነት ሰው የሚያኖር ከሆነ ልጅቷ የምትተኛበትን አልጋ ይሥራበት፤ ለዳግማይ ትንሣኤ ይድረስና እናንተም ያን ቀን ለመልስ ተመለሱ አሉት።

ሾፌሩ መጥቶ፣ «አልጋ ካለህ ሚስት አለችህ፤ አልጋ ከሌለህ እኛንም አታድክመን» አለኝ። ዋንዛዬን ገዝቼ ሥራ ጀመርኩ።

ጾሙ ገባ። እኔም ጿሚ ነኝ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል በአፌ አይዞርም። ጾሙ ሲጋመስ አንድ አርብ ቀን ቺንጋው እየሸሸ አስቸገረኝና ጥብቅ አድርጌ ወጠርኩት። የእንጨቱ ብናኝ እንዳይገባብኝ አፍና አፍንጫዬን በጨርቅ አስሬ ነው የምሠራው። ስለዚህ ቺንጋው ሲጠብቅ ዘንጉ እንደጋለ፣ ሞራው ቀልጦ እንደተንጨረጨረ፣ ወይራውም ከሥሩ እንደጤሰ በአፍንጫዬ ማወቅ አልቻልኩም። የወይራ ጭስ ከጋለ ሞራ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሸት ለአበሻ አላስረዳም። እኔ የአልጋ እግር ስቀርጽ ሰፈሩ በሙሉ የጎድን ጥብስ ሲያሸት ዋለ።

ከሰዓት ላይ ልጅቷ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ።

«አንተ፣ ዛሬ ምን በላህ?»

«ገና አልበላሁም። ሽሮ አለኝ። ምነው?»

«አባባ ጥብስ ነው ይላል። ከጠዋት ጀምሮ አፍንጫውን ቀስሮ አጥር ለአጥር ሲዞር ቆይቶ ነው ቅዳሴ የሄደው። ፊት ለፊት ያሉት እትዬ ደግሞ በቅበላ ከሉካንዳ በጋዜጣ የጠቀለልከውን አየሁ ብለው መሰከሩብህ።»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አባትየው ሾፌሩን አስጠርተው፣ ሁዳዴን የሚገድፍ ሰው ልጄን አያገባምና ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ደጄን እንዳትረግጡ ብለውታል። እሷ ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ ግማሽ ሳቅ፣ ግማሽ ሥጋት ነበር።

«አንቺስ ምን አልሽ?» አልኳት።

«ለእኔ ሳያስቀምጥ አይበላም አልኩ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ምሎ ተገዝቶ ይለምን ነበር። እኔ በምላስ ማስረዳት አልወድም። ሾፌሩን ፈልጌ፣ አባትየውን ለምኖም ቢሆን እንዲያመጣልኝ ነገርኩት። በማግስቱ መጡ። አባትየው ሰላምታም ሳይሰጡኝ ወደ ቤት ገብተው የድስቴን ክዳን ከፈቱ፤ ሽሮ። ሞሰቡን ከፈቱ፤ ባዶ እንጀራ። አልጋ ሥር ጎንበስ አሉ፤ ቁራጭ እንጨት። ወደ ጓሮ መራኋቸውና ማሽኑን አስነሳሁት። ትንሽ ቆይቶ ከዘንጉ ሥር ቀጭን ጭስ ወጣ። ሾፌሩ ምራቁን ሲውጥ ጉሮሮው ተሰማኝ።

አባትየው ጉቶ ላይ ቁጭ አሉ። ጭሱን ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡት። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ።

«ልጄ፣ አንተ አልገደፍክም። ይህን አምኛለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ አባቴ።»

«እኔን ግን ልታስገድፈኝ ነው።»

ትናንት ቅዳሴ ቆመው ሳለ ሐሳባቸው ከጎድን ስጋ ላይ አልነሣ ብሏቸው እንደዋለ ነገሩን። ሲያወሩ ተቆጥተው ነበር፤ ቁጣው ግን የራበው ሰው ቁጣ ነው። ሲነሡ ሁለት ነገር አዘዙ። አንደኛ፣ ይህ ሽታ ሳይጠፋ ማሽኑ እንዳይዞር። ሁለተኛ፣ አልጋው በተባለው ቀን እንዲደርስ። ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ እንደሚሆኑ አልነገሩኝም። ሾፌሩ ከኋላ ቀርቶ፣ «እንግዲህ ሌላ ሴት እንፈልግልህ?» አለኝ። ሌላ ቅባት ፈልግልኝ አልኩት።

የኑግ ዘይት ሞከርኩ፤ ጥቂት ዞሮ እንደ ማር ተጣበቀ። ተልባ ጨምቄ ቀባሁት። ተልባ ሲደርቅ ቀለም እንደሚሆን የገባኝ ያኔ ነው፤ ባደረ ጊዜ ዘንጉና ወይራው አንድ አካል ሆነው ሞተሩ አጉረመረመና ፊውዙ ተቃጠለ። ሳሙና ስቀባው ደግሞ ጩኸቱ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ አስነሣ። ልጅቷ በአጥሩ ቀዳዳ፣ «ጥብሱ ይሻለን ነበር» አለችኝ። እስከዚያ ጊዜ ከአራቱ የአልጋ እግሮች የተጠናቀቀው አንዱ ብቻ ነበር፤ ፋሲካ ደግሞ እየገሠገሠ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ አጣሁ። ማሽኔን ፈርቼ አይደለም፤ እሷን እንዳላጣ ነው።

የእኔ ጭንቅላት የሚሠራው እግሬ ሲሄድ ነው። አንድ ጠዋት ቦሌ ለሚ ድረስ በእግሬ ወረድኩ። ዛሬ ፋብሪካ የተደረደረበት ያ ሜዳ ያን ጊዜ የጤፍ ማሳ ነበር፤ ድምፅ የሚባለው ወደ ቦሌ የሚያርፍ አውሮፕላን ብቻ ነው። ከማሳው ዳር ጉሎ በቅሎ አየሁ፤ ግንዱ ቀይ፣ ፍሬው እሾሃም። ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች ጉሎ ቀጥቅጠው ሲቀቡ ቆዳው ሳይደርቅ እንደሚከርም ትዝ አለኝ። ቆዳን የማያደርቅ ቅባት ራሱም አይደርቅም ማለት ነው። የበላው ሰው ስለሚታመም ሽታው ማንንም ሊያስጎመጅ አይችልም። ጋቢዬን ዘርግቼ የቻልኩትን ያህል ለቀምኩ።

ፍሬውን ቆላሁ፣ ወቀጥኩ፣ በውኃ አፈላሁና ላይ የሰፈፈውን ዘይት ቀዳሁ። ዘይት ብቻ ግን በቂ እንዳልሆነ አውቄያለሁ፤ ዘንጉን ያጋለው የቺንጋው ውጥረት ነውና። ስለዚህ ቺንጋውን አላላሁትና እንዳይሸሽ ቺንጋው የሚዞርበትን መዘውር በቆዳ ጠቀለልኩት። የከሰለውን ወይራ በጠማማ መሮ ፍቄ አጸዳሁ። ከላዩ ቀዳዳ በስቼ ከአሮጌ ባርኔጣዬ የቆረጥኩትን ለስላሳ ቁራጭ ወተፍኩበት፤ ባርኔጣው ዘይቱን ይጠጣና ለዘንጉ በጠብታ ያጠጣዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የአውሮፕላን መካኒክ፣ የጥንት አውሮፕላኖች ሞተር በጉሎ ዘይት ይለሰልስ እንደነበር አጫወተኝ። አልገረመኝም። እኔ የደረስኩበት ላይ እነሱም ደርሰዋል።

ማሽኑ ዞረ። ጭስ የለም፣ ጩኸት የለም፣ ሽታ የለም። የሕማማትን ሳምንት ማሽኑን አሳርፌ ስግደቴን ሰገድኩ፤ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ደግሞ ቀና ሳልል ሠራሁ። አራቱም እግሮች ከላይ እንደ ብርሌ አንገት የቀጠኑ፣ ከታች እንደ ሎሚ የሞሉ ነበሩ። እንዲህ ያለ አልጋ በዚያ ሰፈር ከዚያ በፊት አልታየም፤ ከዚያም በኋላ ያየሁት የራሴን ብቻ ነው።

በዳግማይ ትንሣኤ አባትየው ሽማግሌ ቤታቸው እስኪመጣ አልጠበቁም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ሾፌሩን አስከትለው እኔ ጓሮ መጡ። አልጋውን ዞሩት። የአንዱን እግር ውፍረት በክር ለኩና ክሩን በሌላው ላይ ጠመጠሙት፤ ከዚያ በሦስተኛው፣ ከዚያ በአራተኛው። ክሩ አልተረፈም፣ አላነሰም። ማሽኑን አስነሣ አሉኝ። ሲዞር ጎንበስ ብለው አሸተቱ፤ መዳፋቸውን በወይራው ላይ አሳርፈው ቆዩ። ቀዝቃዛ ነበር።

ሾፌሩ መታገሥ አቃተው። «እንግዲህ ምን ትላለህ ወንድሜ?» አላቸው።

አባትየው ወደ እኔ ዞሩ። መቋሚያቸውን አገላብጠው አዩና ለእኔ ዘረጉልኝ።

«የመቋሚያው ራስ ተሰንጥቋል። በዚህ ማሽንህ አዲስ አውጣልኝ። ለሠርጉ ይዤው እቆማለሁ።»

«የማን ሠርግ?» አለ ሾፌሩ።

«አንተ አውቶቡስ ስትነዳም እንዲሁ ነበርክ፤ ፌርማታውን ካለፍክ በኋላ ነው የምትቆመው።»

ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ሴት ስትስቅ ተሰማች። እኔ የሥራ ሰው ነኝ፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ለመቋሚያው ራስ የሚሆን ደረቅ ወይራ መምረጥ ጀመርኩ። ፊቴን እንዳያዩትም ጭምር ነው።