ብረቱን ያቅለሸለሸው ዘፈን

የእህቴ ባል አንጀት አጣቢ ነው። እንዳትስቁ፣ ሥራ ነው። ቄራ ውስጥ ከበሬ ሆድ የወጣውን ሁሉ የሚቀበል፣ ፈርሱን የሚያራግፍ፣ ጨጓራውን የሚፍቅ፣ አንጀቱን እንደ ካልሲ የሚገለብጥ ሰው መኖር አለበት አይደል? እሱ ነው። ሰፈሩ ግን በሥራው ሳይሆን «ብረቱ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ «ከባድ ብረት»፣ በፈረንጅ አፍ ሄቪ ሜታል፣ የሚሉትን ጩኸት ካልሰማ እጁ አይንቀሳቀስማ!

ጩኸት ነው ያልኩት፣ ዘፈን አላልኩም። አንድ የሚያመልከው ዘፋኝ አለ፣ እኛ ቤት «መጋዙ» እንለዋለን። ድምፁን ለማወቅ ጉሮሮው ላይ አጥንት የተሰነቀረበት ውሻ አስቡ። ውሻው ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ይውደቅበት። ጣሪያው ላይ ደግሞ ሰካራሞች ድስት ይዘው ይደባደቡ። ያ ነው እንግዲህ መጋዙ፣ ያውም ደስ ያለው ቀን።

አንድ ቀን እህቴ «ሰውዬው የቤት ቁልፍ ይዞብኝ ሄዷል፣ ተቀብለሽልኝ ነይ» ብላ ቄራ ላከችኝ። ያኔ እግሬን በሰበረው! የዚያ ቤት ሽታ በአፍንጫ አይገባም፣ በአፍ ነው የሚገባው፤ ሳታኝኩ ትውጡታላችሁ። ወለሉ አረንጓዴ ነው። የረገጡት ሁሉ ያንሸራትታል፣ የሚያንሸራትተው ነገር ምን እንደሆነ ግን ባትጠይቁ ይሻላል። ብረቱ በላስቲክ ሽርጥና በጎማ ቦት ቆሞ እስከ ክርኑ ጨጓራ ውስጥ ገብቷል። ከራሱ በላይ፣ ሚስማር ላይ፣ እንዳይረጥብ በፌስታል የተጠቀለለ ስፒከር ተንጠልጥሎ ያገሳል።

«መጣሽ! ነይ፣ ስሚልኝ ይቺን!» አለኝ፣ እጁን ከጨጓራው ሳያወጣ። «‹የብረት አንጀት› ማለት ይቺ ናት!»

«ቁልፉን ስጠኝ።»

«ቆይ እንጂ፣ ከበሮው ሊገባ ነው!»

ከበሮው ገባ። ቢላዋውም አብሮ ገባ። ጨጓራውን በምቱ እየተከተለ ሲፍቀው አረንጓዴው ነገር ቀሚሴ ላይ ፈነጠቀ። እኔ አፌን በሻርፕ ጠቅልዬ «ወይ ጉድ!» እላለሁ፣ እሱ ያስተምረኛል። «የብረት አንጀት» ፈጣን ስለሆነች ለመፋቅ ናት። አንጀት ሲገለብጥ ደግሞ «ትሎቹ መጡ» የምትባለዋን ነው የሚከፍተው፤ እሷ ቀርፋፋ ናት፣ መጋዙ እንደታመመ ሰው ያቃስትባታል። «በፈጣን ዘፈን አንጀት ብትገለብጪ ይቀደድብሻል» ብሎ መከረኝ፣ ነገ ልገለብጥ የተቀጠርኩ ይመስል። ከሁሉም አብልጦ የሚወዳት ግን «ክፈቱኝ» ናት። እሷን ለሽንፍላ ነው የሚያስቀምጣት። ሽንፍላ መቼም ታውቁታላችሁ፣ እጥፋቱ አያልቅም። መጋዙም እዚያ ዘፈን ላይ «ደረቴን ክፈቱና ያለውን እዩት» እያለ ይጮሃል፣ እሱም አያልቅም፤ መሳቢያ እንደሚያራግፍ ሰው ከውስጡ ቆሻሻ ያወጣል፣ ያወጣል፣ ያወጣል።

«ምኑ ነው የሚጥምህ ግን?» አልኩት።

ቢላዋውን አቆመ። «አይዋሽማ!» አለኝ። «ሌላው ዘፋኝ ጨረቃ ይልሻል፣ ዓይንሽ ይልሻል። ይሄ ሰውዬ ነገር ሲከፈት ውስጡ ምን እንዳለ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ሁለታችን ብቻ ነን።»

እንዲህ ነው ብረቱ። ትል ካየ በጣቱ አንስቶ «ሂድ ወዲያ» ብሎ ይወረውረዋል። ምሳውን እዚያው ቆሞ ይበላል፣ ያውም በፉጨት። ሲያቅለሸልሸው ያየ ሰው የለም።

ከሥራ ሲመለስ ደግሞ ጓሮ ያለው ቧንቧ ስር ይቀመጥና በሎሚ፣ በዱቄት ሳሙና፣ በበረኪና ቆዳው እስኪላጥ ይፈትጋል። ከዚያ ክንዱን ዘርግቶ ይገባና «አሽትቱኝ!» ይላል። እህቴ ታሸትተዋለች፣ ፈገግ ትላለች፣ «ሳሙና ሳሙና ትላለህ» ትለዋለች። ውሸቷን ነው! ሽንፍላ ታጥቦ መቼ ይጠራል? ሽታው ከሰውዬው ቆዳ ስር ቤት ሠርቶ፣ አጥር አጥሮ፣ ልጅ ወልዶ ነው የተቀመጠው። እህቴ ትዳሩ አዲስ እያለ አንዴ እንዳይከፋው ብላ ዋሸች፣ ውሸቱም እንደ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ቀረ። ልጃቸውም ወረሰችው፣ እኛም ወረስን፣ ጎረቤቱም ወረሰ። እሱ ሽታውን ቄራ ጥሎት የሚመጣ ነው የሚመስለው።

ልጅቷን ሚጣ ነው የምንላት፤ አድጋም ሚጣ ናት። የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት፣ ነጭ ትለብሳለች፣ የበር እጀታ በነካች ቁጥር እጇን ትታጠባለች። ልታገባ ሆነ። የብረቱ ምኞት ደግሞ በዚህ ዓለም አንዲት ናት፤ በሠርጓ ቀን ሰው ሁሉ እያየ የመጀመሪያውን ዳንስ ከልጁ ጋር መደነስ። እሷ ገና ዳዴ ስትል ጀምሮ ሲያወራው የኖረ ነገር ነው።

ግን የሙሽራው እናት አለች። ሁሉንም ነገር «ኡፍ» ስለምትል እኔ «እትዬ ኡፍ» ብያታለሁ። ሊተዋወቁ የመጡ ቀን ብረቱን እጁን ጨበጠችውና «ኡፍ… ቤቱ ይሞቃል አይደል?» ብላ መስኮት በሙሉ አስከፈተች። ሰንበት ብላ ሚጣን ለብቻ ይዛ፣ «ኡፍ የኔ ልጅ፣ አባትሽ ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው፣ ለምን ታስቸግሪዋለሽ? ዳንሱን የልጄ አጎት አብሮሽ ይደንስ። ቁመናው! ሱፉ! ኡፍ!» አለቻት።

ሚጣ ድርቅ አለች። «ከአባቴ ጋር ነው የምደንሰው።»

«እሺ፣ ዘፈኑ ግን ሰው የሚሰማው ይሁን» አለች እትዬ ኡፍ። «ያ የውሻ ጩኸት ከሆነ ወይም አባትሽ አልሆነለት ካለ፣ አጎቱ ጎን ላይ ተዘጋጅቶ ይቆማል።»

እዚህ ላይ ነው መጋዙ ጉድ የሠራን። ሰውዬው አረጀና «ለስላሳ ጣቶችሽ» የሚባል ዘፈን አወጣ። ቫዮሊን አለበት። ሕፃናት ከኋላ «ላላላ» ይላሉ። እሱ ራሱ፣ ያ ውሻ፣ አሁን ጡጦ እንደጠባ ድመት ያንኮራፋል። ታክሲው እሱን፣ ሊፍቱ እሱን፣ ፀጉር ቤቱ እሱን። እኔ መጋዙን ስረግም የኖርኩት እንኳን የድሮው ናፈቀኝ። አዲሱ ጥርስ ላይ ይጣበቃል። ሰምታችሁት ስትጨርሱ አፋችሁን መጉመጥመጥ ያምራችኋል።

ብረቱ የሰማው ፀጉር ቤት ውስጥ ነው፣ ጢሙ ሊላጭ አረፋ ተቀብቶ። አረፋውን ሳያስጠርግ እኔ ቤት መጣ።

«ሞተ!» አለኝ።

«ውይ! ማን?»

«መጋዙ!»

«ነፍስ ይማር፣ መቼም…»

«ኧረ በሕይወት አለ! እሱ እኮ ነው የከፋው!»

ዘፈኑን ሊያሳየኝ አንገቱን ሰበር፣ ዓይኑን ክድን አድርጎ «ጣቶ… ጣቶችሽ…» ሲል አቋረጠ። ደጅ ሮጦ ተፋ። ያ ትል በጣቱ የሚያነሳው ሰውዬ! ተመልሶ አፉን እየጠረገ «የገማ ሥጋ ላይ ማር አፍስሰው ብይ ቢሉሽ…» አለኝ። «የሚያስጠላው ሥጋው አይደለም እኮ። ማሩ ነው።»

ይህን ባለ በማግስቱ ሚጣ እየፈነደቀች መጣች። እኔም ቤቱ ነበርኩ።

«አባዬ፣ ዘፈን መረጥኩ! ያንተን ዘፋኝ!»

«የኔን?» ፊቱ በራ።

«‹ለስላሳ ጣቶችሽ›ን! እትዬም ወደዱት። ያንተም ነው፣ የኔም ነው። አየህ እንዴት እንዳሰብኩልህ?»

ብረቱ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። የእትዬ ኡፍን ዛቻ እሱም ሰምቷል፤ አጎትየው በሱፉ ቀጥ ብሎ ዓይኑ ላይ እንደቆመበት ገብቶኛል። እንቢ ካለ ዳንሱ ሄደ ማለት ነው።

«ጎበዝ የኔ እናት» አለ። «ግሩም ዘፈን ነው።»

ከዚያ ሶፋውን ገፍተው ሳሎን ውስጥ ተለማመዱ። ምነው ባያችሁ! እሷ ከሽታው ሸሽታ ፊቷን ወደ ግራ፣ እሱ ከዘፈኑ ሸሽቶ ፊቱን ወደ ቀኝ። መሃላቸው ቁም ሣጥን ይገባል። እህቴ «ተጠጉ እንጂ!» ትላለች። «እየተጠጋን ነው!» ይላሉ ሁለቱም፣ እየተራራቁ።

ሠርጉ ደረሰ። አዳራሹ ብልጭልጭ ነው፣ አበባው ፕላስቲክ ነው፣ የእንግዳው ሁሉ ሽቶ ተደባልቆ የታመመ ሰው መኝታ ቤት ይሸታል። ሚጣ የቀሚሷ ጭራ ረጅም ስለሆነ «አክስቴ፣ ስዞር እንዳይጠልፈኝ ያዢልኝ» ብላኝ፣ አውድማ ላይ እንዳለች ላም ከኋላቸው እዞራለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁን ማንም አልነገረኝም፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ቫዮሊኑ ጀመረ። አጎትየው ምሰሶ ስር ቆሞ ክራቫቱን ያስተካክላል። ካሜራ ያዡ በርከክ ብሎ ይቀርጻል። መጀመሪያ ላይ ደህና ነበሩ። ሕፃናቱ «ላላላ» ሲሉ ብረቱ አረንጓዴ ሆነ።

«አባዬ፣ ፊትህን ፍታው፣ እየተቀረጸ ነው» አለችው በጥርሷ መሃል።

«አልቻልኩም።»

«አመመህ?»

«ዘፈኑ።»

«ዘፈኑ ምን ሆነ?»

«ይገማል።»

ሚጣ ቀጥ አለች። እኔም ከኋላ ቀጥ አልኩ፣ ጭራውን ረገጥኩት።

«ይገማል? ለአንተ ብዬ የመረጥኩት? አባዬ፣ ስለ ግማት ደግሞ የምታወራው አንተ ነህ?»

ከአፏ አመለጣት። ብትመልሰው ደስ ባላት፤ አየሁት፣ ከንፈሯን ነከሰች።

«ምን ማለትሽ ነው?» አላት። «ሚጣ። እሸታለሁ እንዴ?»

«…አዎ።»

«ዛሬ?»

«ሁልጊዜ።»

«ታጥቤም?»

«ታጥበህም፣ አባዬ።»

በትከሻዋ ላይ አሻግሮ እኔን አየኝ። «አንቺ?» አለኝ። እኔ የቀሚሱን ጥልፍ መመርመር ጀመርኩ።

እጇን ለቀቀ። እዚያው፣ መሃል አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ክንዱን ወደ ኋላ ደበቀው፣ ሰርቆ እንደተያዘ ሰው። አጎትየው ምሰሶውን ለቆ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ ጥርሱን አሳምሮ መምጣት ጀመረ። እትዬ ኡፍ ከመቀመጫዋ «ሂድ፣ ሂድ» እያለች በእጇ ትነዳዋለች።

ሚጣ የአባቷን ክንድ ከኋላው ጎትታ አወጣችው። «እንዳትለቀኝ!»

«እየሸተትኩሽ?»

«እየሸተትከኝ! እኔ ያንን ችዬ ኖሬያለሁ፣ አንተ አንድ ዘፈን አትችልም?»

«አልችልም እያልኩሽ!»

«እኔስ የቻልኩ ይመስልሃል? አልቻልኩም፣ ኖርኩ እንጂ! በል ዙር!»

ዞሩ። አሁን ፊታቸውን አላዞሩም፣ ማስመሰሉ አለቀ። እሷ አፍንጫዋን ኮምትራ፣ እሱ ከንፈሩን አጣሞ፣ የሁለቱም ዓይን እንባ አቅርሮ፣ ግንባር ለግንባር ተያይዘው መራራ እንደጋቱት ሕፃን እየተንገሸገሹ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው «ላላላ» ድረስ ጨረሱት። አጎትየው መሃል መንገድ ላይ ቀርቶ፣ ያለ ሥራው ማጨብጨብ ጀመረ።

አዳራሹማ አለቀሰ! «አየሽ ፍቅራቸውን!» «መለየት አቃታቸው እኮ!» እትዬ ኡፍ ማስካራዋ እስከ አገጯ ወርዶ «ኡፍ… ኡፍ… አንጀቴን በሉት!» ትላለች። ካሜራ ያዡ ራሱ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። እኔ ልስቅ ነው፣ ልትፋ ነው፣ ጭራውን ይዤ የት ልሂድ?

ማታ መኪና ውስጥ ብረቱ መስኮቱን እስከ ታች አውርዶ ጥጉን ያዘ። ትንሽ እንደሄድን ወደ እህቴ ዞረ።

«አንቺስ? አፍንጫ የለሽም?»

«የኔማ ገና ጫጉላ ላይ ሞተ» አለችው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ምን ልታደርግ? ቆዳህን ልታወልቅ?»

ሹፌሩ የሆነውን አያውቅ፣ ሬዲዮ ከፈተ፤ ያው ዘፈን መጣ። እህቴ ደንግጣ «ዝጋው!» ልትል ስትል ብረቱ እጇን ያዛት።

«ተይው» አለ። አዳመጠው፣ አሁንም ከንፈሩ እየተጣመመ። «አሳዘነኝ። ይሄንን ያህል ሲገማ ከቤተሰቡ አንድ ሰው አልነገረውም።»

እህቴ ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። እኔ ጎናቸው ልሁን ከፊት ልሁን ለውጥ የለውም፤ በአንድ ጆሮዬ ያ ማር፣ በአፍንጫዬ ያ ሰውዬ፣ እስከ ቤቴ በር ድረስ ትንፋሼን ውጬ ሄድኩ።