ስምንት ደቂቃ ተኩል

ባለፈው ሳምንት ከወሎ ሰፈር ወደ ካዛንችስ ለመሄድ በስልክ ታክሲ ጠራሁ። ሹፌሩ ልጄ የሚሆን ወጣት ነው። በግራ እጁ መሪውን ይዞ በቀኝ አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ ዘፈን ይቀያይራል። አንዱ ይጀምራል፣ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ይባረራል፤ ሌላው ይተካል፣ እሱም ይባረራል። ኦሎምፒያ እስክንደርስ አሥራ አንድ ዘፈን ቆጠርኩ። አንዱም አላለቀም።

«ለምን አታስጨርሳቸውም?» አልኩት።

«ፋዘር፣ ካልያዘኝ በቃ አልፈዋለሁ። ማለቴ፣ እስከ መቼ ልጠብቀው?»

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው እዚህ ላይ ስለ ዘመኑ ልጆች ትዕግሥት ማጣት አንድ ሁለት ቃል መናገር ነበረበት። ምላሴ ላይ ደርሶም ነበር፤ ግን ዋጥኩት። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ይሆነዋል፣ በዚሁ ሰፈር፣ በሌላ ታክሲ ውስጥ፣ ሌላ ሹፌር ይህንኑ ብሎኝ ያውቃልና። ያን ጊዜ አልጠበቅም የተባለው ዘፈን የእኔ ነበር።

ያኔ ባንድ ነበረን። «ሦስተኛ ፎቅ» እንባላለን፤ ካዛንችስ ውስጥ ባለ አንድ ያላለቀ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለምንለማመድ ነው። ደረጃ አለው፣ የደረጃ መደገፊያ ግን የለውም፤ ለመስኮት የተተወ ቀዳዳ አለው፣ መስኮት የለውም። የሕንፃው ባለቤት የያሲን አጎት ናቸው። ያሲን ጊታር ይጫወታል። ቤተሰቦቹ ከወሎ መጥተው በጨርቅ ንግድ የተቋቋሙ፣ ልጃቸው ጊታር አንግቶ መዞሩን «ያልፍለታል» ብለው የታገሡ ሰዎች ናቸው። ብሩክ ድራም ይመታል። እኔ ኪቦርድ እጫወታለሁ፣ ያኔ ሁላችንም ኦርጋን ነበር የምንለው። ትርሲት ትዘፍናለች። መብራት ከዘበኛው ክፍል በረዥም ገመድ እንስባለን፤ ዘበኛው ምድጃቸውን ሲሰኩ እኛ ዝም እንላለን።

ያሲን ከየት እንዳመጣቸው የማላውቃቸው የውጭ ካሴቶች ነበሩት። ፕሮግሬሲቭ ሮክ ይባላል አለን። አንዱ ዘፈን የካሴቱን አንድ ገጽ ሙሉ ይይዛል፤ መሃል ላይ ሦስት አራት ጊዜ መልኩን ይቀይራል፤ አለቀ ስትል እንደገና ይነሣል። አበድንለት። ከዚያ በኋላ አጭር ዘፈን የሰነፍ ሥራ መሰለን። ሰው «ዘፈናችሁ ስለ ምንድን ነው?» ሲለን «ሃያ አንድ ደቂቃ ነው» ብለን እንመልስ ነበር። እንዲህ ብለን ስንመልስ የሚያስቅ ነገር የተናገርን አይመስለንም።

ሃያ አንድ ደቂቃ የሚፈጀው ዘፈን ስለ ክረምት መውጣት ነው። የሚጀምረው ሐምሌ ላይ በእኛ ቤት ጣሪያ ሥር በቀረጽነው የዝናብ ድምፅ ነው። ከዝናቡ ሥር የእኔ ኦርጋን ቀስ ብሎ ይገባል፣ በትዝታ ቅኝት ጀምሮ ወደ አንቺሆዬ ይሻገራል፤ ከዚያ ድራሙ፣ ከዚያ ጊታሩ፣ ከዚያ ደግሞ እኔ። ትርሲት የምትገባው ስምንት ደቂቃ ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። ያ ስምንት ደቂቃ ተኩል የእኔ ድርሰት ነበር። በዚያ ዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው፣ ለምን እዋሻለሁ።

ትርሲት ያን ጊዜ የምታሳልፈው የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጣ ዳንቴል እየሠራች ነበር። በክረምት ከታች ከመንገዱ ዳር የበቆሎ ጥብስ ሽታ በመስኮቱ ቀዳዳ ይገባል። አንዳንድ ቀን አንድ በቆሎ ይዛ ትመጣና፣ ፈልፍላ በልታ ጨርሳ፣ እጇን ጠርጋ፣ ዳንቴሏን አንሥታ ሁለት ረድፍ ትሠራለች፤ ተራዋ ገና አልደረሰም። «በእናንተ መግቢያ አንድ የጠረጴዛ ልብስ ጨረስኩ» ትለናለች። እንስቃለን። እሷ መሳቋን ያቆመችው መቼ እንደሆነ ግን አላስተዋልኩም።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሐሙስ ልምምዳችንን ጨርሰን ገመድ ስንጠቀልል፣ «አንድ የሆቴል ባንድ ጠርቶኛል። ሰኞ መልስ ስጪን ብለዋል» አለች።

«የሰው ዘፈን ልትዘፍኚ?» አልኳት፣ ንቀቴን ሳልደብቅ።

«አዎ፣ የሰው ዘፈን ነው። ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው የምዘፍነው።»

ትርሲት ዳንቴሏን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ እያስገባች ቀጠለች። «መሄድ አልፈልግም፣ ግሩም። ግን የቀበሌው አዳራሽ ስንጫወት አይተሃል፤ እኔ ሳልገባ ሰዉ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። ከእናንተ በቀር ድምፄን የሚያውቅ የለም። እስከ እሑድ አንድ ሰው ብቻ አምጣልኝ። የማያውቀኝ አንድ ሰው ሰምቶኝ ‹ይቺ ማን ናት?› ካለ እቀራለሁ።»

ያለ ትርሲት ባንድ የለንም። ይህን ለመረዳት ያን ያህል ብልህ መሆን አያስፈልግም ነበር።

በዚያ ዘመን አንድ ዘፈን በከተማው የሚታወቀው በታክሲ ነው። ሹፌሮች የወደዱትን ካሴት ቀኑን ሙሉ ያጫውቱታል፤ ከተማውም ሳይወድ በግዱ ያጠናዋል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ካዛንችስ ፉሌን በትኩስ ዳቦ በልቼ፣ ካሴቱን ደረት ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። አንድ ሰው ትርሲትን እስኪሰማ ድረስ ከታክሲ አልወርድም ብዬ ቆርጬ ነበር። ዝናቡ ቆሞ ፀሐዩ ገና ሳይከር፣ አስፋልቱ ታጥቦ የሚያበራበት ጠዋት ነው።

ከካዛንችስ ሜክሲኮ የሚሠሩት ጋሽ ተካ የሰፈራችን ሰው ናቸው። ካሴቱን አገላብጠው አዩት።

«ዘፈን ነው ስብከት?»

«ዘፈን ነው፣ ጋሽ ተካ።»

«እንግዲያው ግባ።»

ጋቢና ተቀመጥኩ። መኪናው ሞላና ተነሣን። ዝናቡ ጀመረ። ከኋላዬ የተቀመጡ ሴት መስኮቱን ዘጉና ወደ ሰማይ ቀና ብለው አዩ፤ ጠራራ ነው። አንድ ሽማግሌ «ቴፑ ተበላሸ መሰለኝ» አሉ። ኦርጋኔ ሲገባ ዞሬ አየኋቸው፣ ማንም ጆሮውን አላቀናም፤ ሁለት ልጃገረዶች ስለ አንድ የሰርግ ቀሚስ ይከራከራሉ። ስታዲየም ስንደርስ «ወራጅ አለ!» ተባለና ስድስት ሰው ወረደ። ድራሙ ሲገባ ለገሃር ደረስን፤ የቀሩት ወረዱ ማለት ይቻላል። ሜክሲኮ ጋሽ ተካ ጥጋቸውን ይዘው ሲቆሙ ረዳቱ ተሳፋሪ ሊጠራ ወረደ፤ መኪናው ውስጥ እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን። ያኔ ትርሲት ገባች።

*ቆርቆሮው ዝም ሲል ስምህን ሰማሁት*

ጋሽ ተካ በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን አውጥተው ነበር። እግራቸውን መለሱ። መስመሩ እስኪያልቅ ዝም ብለው አዳመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይቺን ልጅ እስካሁን የት ደብቃችኋት ነበር?»

«መግቢያው ነው፣ ጋሽ ተካ። ሰው ቀስ ብሎ እንዲዘጋጅ…»

«እንግዳ ጠርታችሁ ደጅ ታስጠብቃላችሁ? እኔ እንኳ የጠበቅኩት መኪናው የእኔ ስለሆነ ነው።»

ጋሽ ተካ ትርሲትን አያውቋትም። በትርሲት ሕግ መሠረት አንድ ሰው ተገኝቷል ማለት ነው። ግን ራሴን ማታለል አልሆነልኝም። የሰማት ሰው መውረጃ ያልነበረው ሰው ነው።

እንደገና ሞከርኩ። ሲመለሱ አብሬ ተመለስኩ፣ ሲሄዱ አብሬ ሄድኩ። መንገዱ ሲዘጋጋ ደስ ይለኛል፤ መጨናነቁ ሁለት ደቂቃ ቢጨምርልኝ ትደርሳለች ብዬ እጸልያለሁ። አንዴ ለገሃር መብራት ላይ ቆመን ስምንተኛው ደቂቃ ገባ። በአንድ ወፍራም ሰው ላይ ዐይኔን ተክዬ «አትውረድ፣ አትውረድ» እላለሁ በሆዴ። ወረደ።

አራተኛው ጉዞ ላይ ጋሽ ተካ ሳይጠይቁኝ ካሴቱን ወደፊት አጠነጠኑት።

«ጋሽ ተካ፣ ዘፈኑ ይበላሻል!»

«ያንተ መኪና ሲኖርህ ከፈለግክበት ትጀምረዋለህ።»

ከካዛንችስ ስንነሣ ትርሲት መዝፈን ጀመረች። እንዴት ልንገራችሁ፣ ወሬው በአንዴ አልቆመም፤ እየሳሳ ሄደ። አንዱ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። ስታዲየም ላይ ሽንኩርት በፌስታል የያዘች ሴት ለመውረድ ተነሣች፣ አንድ እግሯን መሬት አሳረፈችና ቆመች። ረዳቱ «እናቴ፣ ቶሎ በይ!» ይላታል፣ ከኋላዋ ሰው ይገፋታል። እሷ ወደ ጋቢናው አንገቷን አስግጋ «ይቺ ማን ናት?» አለች።

ቃል በቃል እንደዚያ አለች። «ትርሲት» አልኳት፤ ጋሽ ተካ ጮክ ብለው ደገሙላት።

መደሰት ነበረብኝ፤ ተደስቻለሁም። ግን ደግሞ ቀናሁ። በመላው አዲስ አበባ የእኔን ስምንት ደቂቃ ተኩል የሚናፍቅ አንድ ሰው እንደሌለ ያወቅሁት በዚያች ቅጽበት ነው። ሜክሲኮ ወርጄ በሰንጋ ተራ በኩል ብዙ በእግሬ ሄድኩ። አንድ ቤት በር ላይ ቆሜ ቦንቦሊኖ ገዛሁ፣ ስኳሩን ከጣቴ እየላስኩ፣ ሁሉን ልንገራት ወይስ ልተው እያልኩ ኅሊናዬን ተሟገትኩት። መጨረሻ ላይ ፊቴን ወደ ካዛንችስ አዞርኩ።

እሑድ ሁላችንም ተገናኘን። የሆነውን ለትርሲት ሳልቀንስ ነገርኳት። «ሴትዮዋ ‹ይቺ ማን ናት?› ብላለች። ግን አንቺን እንድትሰማ ጋሽ ተካ እኔን መዝለል ነበረባቸው።»

«ታዲያ አንተ ራስህን ትቆርጣለህ?»

«እቆርጣለሁ። ሙሉ ዘፈኑ ከስታዲየም በፊት ማለቅ አለበት።»

ያሲን ጊታሩን ነቀለ። «ምን ልትሸጥ ነው፣ ሳንድዊች?» ብሎ መስኮቱ ቀዳዳ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። ብሩክ ግን፣ ያ ዝምተኛ ብሩክ፣ «እኔ ሃያ አንድ ደቂቃ ስመታ ክንዴ ያመኛል» አለ። ይህን ለምን እስከዚያ ቀን እንዳልነገረን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ትርሲት ከረጢቷ ላይ ተቀመጠችና ዳንቴሏን አወጣች። «አንድ ረድፍ ሳልጨርስ መግባት አለብኝ» አለች። በዚህ ሕግ ጀመርን። መጀመሪያ አራት ደቂቃ ጣልኩ፣ ረድፉ አለቀ። ሌላ ሁለት ደቂቃ ጣልኩ፣ አሁንም አለቀ። አንቺሆዬውን ስጥል ጥርሴን ነክሼ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሳምቡሳ በልተን ቀጠልን። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ያሲን ሳይናገር ተመልሶ ጊታሩን ሰካ። «ከሁለት ደቂቃ የጊታር ክፍልህ ውስጥ የምትወደውን ብቻ ተጫወት» አልኩት። ብዙ አሰበ። የተጫወተው አሥር ሰከንድ አይሞላም፤ ያሲን እንደዚያ አድርጎ መጫወት እንደሚችል ያን ቀን ሰማሁ።

ከእኔ ስምንት ደቂቃ ተኩል የቀረው አሥራ ሁለት ሰከንድ ነው። ትርሲት ረድፉን አጋምሳ ሳትጨርሰው ዳንቴሉን ጣለችና ተነሥታ ዘፈነች። ዘፈኑ በሙሉ አራት ደቂቃ አልሞላም።

ሰኞ የሆቴሉን ሰዎች አልመጣም አለቻቸው። በሳምንቱ አዲሱን ካሴት ለጋሽ ተካ ሰጠናቸው። ስታዲየም ሳይደርሱ አለቀ፤ ከኋላ አንድ ተሳፋሪ «ይደገም!» አለ።

ሦስት ዓመት አብረን ሠራን፣ አጫጭር ዘፈኖች። ከዚያ እንደ ብዙ ባንድ ተበተንን። ያሲን ዛሬም በተገናኘን ቁጥር ስለዚያ ሃያ አንድ ደቂቃ ያማርራል። ትርሲት ቄራ አካባቢ የልብስ ስፌት ቤት አላት፤ ስትሰፋ ትዘፍናለች፣ ደንበኞቿ ልብሳቸው ካለቀም በኋላ ቶሎ አይሄዱም።

ያ የስልክ ታክሲ ካዛንችስ አወረደኝ። ሕንፃችን የነበረበትን ቦታ ፈለግኩ፤ ሰፊ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና ገና ያልጠነከሩ ችግኞች ናቸው። ሦስተኛው ፎቅ የነበረበት ከፍታ ላይ ሰማይ ብቻ አለ። ተቆጨሁ፤ ብዙ ግን አልቆየሁም።

ቤት ኦርጋኔ ላይ የተነጠፈ ግማሽ ጨረቃ የሚያህል ዳንቴል አለ፣ ጫፉ ላይ ክሩ እንደተንጠለጠለ። ያ እሑድ ትርሲት ረድፉን አጋምሳ የጣለችው ነው፤ ባንዱ የተበተነ ዕለት ሰጠችኝ። አምና ባለቤቴ ሳያልቅ መቅረቱ አሳዘናትና ትርሲት እንድትጨርሰው ወደ ስፌት ቤቷ ይዛላት ሄደች። ትርሲት በእጇ ዳሰሰችው፣ አጠፈችውና መለሰችላት።

«ተዪው እንዲሁ ይሁን። ከጨረስኩት እኮ ስጠብቅ ኖሬያለሁ ማለት ነው።»