ሠላሳ ስምንት ባዶ ቦታ

ጌሬዮን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሠራው አንድ ሥራ ነው። ከሆላንድ ድንበር ብዙም በማትርቀው በዚያች የጀርመን ከተማ፣ ወደ መሀል ከተማ በሚያስገቡት መንገዶች ዳር የቆሙት የመኪና ማቆሚያ ሰሌዳዎች በእሱ እጅ ነበሩ። በየማቆሚያው ስንት ባዶ ቦታ እንደቀረ በአረንጓዴ ቁጥር ይናገራሉ፤ ሲሞላ ቁጥሩ ይጠፋና «ሞልቷል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይበራል። ቁጥሩን የሚያመጣው በየመግቢያውና በየመውጫው አስፋልት ሥር የተቀበረ ሽቦ ነው፤ መኪና ባለፈበት ቁጥር ይቆጥራል። ሽቦ ግን ያው ሽቦ ነው። ውርጭ ሲመታው ወይም ተጎታች ያሰረ መኪና ሲያልፍበት አንዱን ሁለት ይላል። ስለዚህ ጌሬዮን ፎቅ ለፎቅ በእግሩ እየዞረ፣ የቆሙትን መኪናዎች በዓይኑ እየቆጠረ የሳተውን ያርማል።

በዚህ ሥራው ዋነኛዋ ቀላጅ ሚስቱ ኤልስቤት ነበረች። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «የኔ ባል እንጀራው የሌለ ነገር ነው፤ ባዶ ቦታ እየቆጠረ ይኖራል» ትላለች። እሱ አይከፋውም። እንዲያውም ወሬውን ወደዚያ ካላመጣችው ቅር ይለዋል። ልጅ አልወለዱም፤ ጨዋታው ሁሉ የሁለቱ ነበር።

አንድ አርብ፣ የገና ገበያ በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ እህል ገበያ በሚባለው አደባባይ ያለው ማቆሚያ ቁጥር መዛባቱን አየ። የመውጫው ሽቦ አንዱን መኪና ሁለት እያለ፣ ሰሌዳው የሌለ ባዶ ቦታ ያሳይ ነበር። ቆጥሮ ማረሙ ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ነገር ግን ለኤልስቤት መጋረጃ ሊሰቅልላት ቃል ገብቶ ነበር፤ ሦስት ጊዜም አሳልፎባታል። ማስታወሻው ላይ «ሰኞ» ብሎ ጻፈና ወደ ቤቱ ሄደ። መጋረጃው ተሰቀለ። የድንች ቂጣ ጠብሳ ከተፈጨ ፖም ጋር በሉ፤ ስለ መጋረጃው መንሻፈፍም ስትስቅበት አመሸች።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ራሷን አመማት። ታላቅ እህቷ ኢርምጋርድ ልትጠይቃት መጥታ እዚያው ነበረች። ጌሬዮን አምቡላንስ ልጥራ ቢል ኤልስቤት እሺ አላለችም፤ ለራስ ምታት ብሎ ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት አንገቱን አያሰግግ አለች። ኮቷን ራሷ ለብሳ፣ ደረጃውን በገዛ እግሯ ወርዳ እህቷ መኪና ውስጥ ገባች። ሐኪም ቤቱ ከመሀል ከተማው ማዶ ነው፤ በሌላ ቀን አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

እህል ገበያው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ መንገዱ ተዘግቶ ቆያቸው። ግማሹ የሆላንድ ታርጋ የለጠፈ መኪና፣ አንዱ ካንዱ ተጣብቆ ቆሟል። ወዲያው ከኋላቸውም ሌላው መጥቶ ዘጋቸው። ኤልስቤት የኋላ ወንበር ላይ ራሷን ባሏ ጭን ላይ አሳርፋለች፤ ምላሷ መጎተት፣ አንድ እጇም መዛል ጀምሯል። ኢርምጋርድ ያን ጊዜ አምቡላንስ ጠራች፤ አምቡላንሱ የሚመጣውም በዚያው በተዘጋው መንገድ ነው። ጌሬዮን ቀና ሲል ሰሌዳው ፊት ለፊቱ በርቷል። ሠላሳ ስምንት፤ አረንጓዴ። ማቆሚያው ጢም ብሎ መሙላቱን ማንም ሳይነግረው አወቀ። ይህ ሁሉ ሰው የተሰለፈው ያቺን ቁጥር አምኖ ነው።

ራሷን ቀስ አድርጎ ወንበሩ ላይ አስተኛት። «መጣሁ» ብሏት ወጥቶ ሮጠ። ከሰልፉ ፊት ደርሶ መስኮት እያንኳኳ፣ ሞልቷል፣ ቀጥታ እለፉ፣ መኪና ውስጥ በጠና የታመመች ሴት አለች ይላቸው ጀመር። አንዳንዱ ወዲያው ሄደለት። አንድ ሰውዬ ግን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣

«ሰሌዳው ሠላሳ ስምንት አለ ይላል። አንተ ማን ነህ?» አለው።

«ሰሌዳውን የምይዘው እኔ ነኝ። ውሸቱን ነው።»

«ውሸቱን መሆኑን ካወቅህ ለምን ተውከው ታዲያ?»

ጌሬዮን በእጁ ቀጥታውን መንገድ አሳየው። ሰውዬው ትንሽ አይቶት፣ ማርሹን አስገብቶ ሄደ።

መንገዱ እስኪከፈት ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሲመለስ ኤልስቤት ዓይኗ ተከፍቷል እንጂ አታየውም። ሐኪም ቤት ገብታም አልነቃችም፤ ማክሰኞ ጠዋት አረፈች። ሰኞ ዕለት አንድ ባልደረባው የጌሬዮንን ማስታወሻ አይቶ የሽቦውን ቁጥር አርሞት ነበር፤ አርባ ደቂቃ ነው የፈጀበት።

ሐኪሙ በአንጎሏ ውስጥ የፈሰሰው ደም ብዙ ስለነበር ቀድማ ብትደርስም ምናልባት አትተርፍም ነበር አለው። ጌሬዮን ያቺን «ምናልባት» ይዟት ቀረ። አለቃው ዘንድ ሄዶ ጥፋቱን ተናገረ። አለቃዪቱ ውሃ ሰጠችው፣ ሽቦ ይሳሳታል፣ ማንም አይከስህም አለችው። እሱ የፈለገው አንድ ሰው እንዲቆጣው ነበር።

ባረፈች በስድስተኛው ሳምንት፣ እንደ አገሩ ልማድ የሙታን ጸሎት ተደርጎ ሲወጡ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለኢርምጋርድ ስለዚያ አርብ ነገራት። ሰምታው ሻርፗን አስተካክላ ሄደች። ብርዱ እስኪያልፍ አልመጣችም፤ ስልክም አታነሳለትም።

መጋቢት ላይ በሩን አንኳኳች። ገብታ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«በሰሌዳው የጠላሁህ እንዳይመስልህ» አለችው። «ጥለሃት በመውጣትህ ነው።»

«ማን ያስከፍተው ነበር መንገዱን?»

«አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው የጠላሁህ።» ሻርፗን ፈትታ ጭኗ ላይ አኖረች። «አንተ ከወጣህ በኋላ ተናግራለች። ስስት ይዞኝ ነው እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ፤ የኔ ብቻ እንዲሆን ፈልጌ።»

ጌሬዮን ወንበር ስቦ ጠረጴዛው አጠገብ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«‹ኮቱን ሳይለብስ ወጣ፤ ብርድ ይመታዋል› አለች። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣትም።»

በቀብሩ ላይ ያላለቀሰው ሰው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ኢርምጋርድም አላባበለችውም፤ እስኪወጣለት ጠበቀችው።

ጌሬዮን ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሠርቶ ጡረታ ወጣ። በእነዚያ ዓመታት የተጠራጠረውን ቁጥር በእግሩ ሄዶ እስኪያጣራ ድረስ ሰሌዳውን ያጠፋው ነበር። አሽከርካሪዎች ሰሌዳው ሁልጊዜ ጨለማ ነው እያሉ አቤቱታ ይጽፉበት ነበር፤ ደብዳቤዎቹን አንብቦ ያስቀምጣቸው ነበር። ኢርምጋርድ ቅዳሜ ቅዳሜ የአተር ሾርባ ይዛ ትመጣለች። ብዙ አያወሩም። እሱ ሳህን ያጥባል፤ እሷ ታደርቃለች።