አለ፣ የለም

አራት ነበርን። የቢሮው ኃላፊ በሐይቁ በኩል ባለው መስኮት ሥር፣ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው የግምጃ ቤቱ ሽማግሌ ከወንበር ኋላ፣ ታናሽ ወንድሜ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ፣ እኔ ደግሞ በሩ አጠገብ፣ እጄን ማብሪያው ላይ አድርጌ ቆሜአለሁ።

ከአዲስ አበባ የመጣልን ኮምፒውተር ብረቱን የነካውን ሁሉ ይነዝር ነበር፤ በራሱም ይጠፋል። ጸሐፊ ስለ ነበርሁ የምሠራበት እኔ ነኝ። ወንድሜ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ አልቀረበም፤ ለጠየቀን ሁሉ ዱርቤቴ አጎታችን ዘንድ ሄዷል እንል ነበር። ኃላፊው ግን፣ «ማሽኑን ይሥራልኝ እንጂ ለቀበሌው ሊቀ መንበር እኔ እናገርለታለሁ» ስላሉኝ በጓሮ በር አስገባሁት።

ፓወር ሰፕላይ የሚባለውን፣ ለማሽኑ ኃይል የሚመጥንለትን የብረት ሣጥን አውጥቶ ፈታው። የመሬት ሽቦው ተበጥሶ ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎን የነዘረዎት ይህ ነው» አለ።

«ተመስገን። እኔ የሚስቴ እርግማን መስሎኝ ነበር።»

ወንድሜ ሲሠራ ሁለት ቃል ብቻ ነበር የሚፈቅደው። ኃይል ካለ «አለ»፣ ከሌለ «የለም»። «እሺ» እና «በቃ» ሰው ያስገድላሉ ይል ነበር። «የለም» ሳይባል ማንም እጁን አይሰድም። ዛሬም መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ጎረቤቶቼ በአጥር ላይ «አለ?» ይሉኛል። አልመልስላቸውም።

ሽቦውን ቀጥሎ አስበራኝና ኃይል የሚለካበትን ቴስተር ከሣጥኑ ብረት ላይ አደረገ። «የለም» አለ። ከእንግዲህ የነካውን አይነዝርም። አስጠፋኝና በመውጫው ሽቦ ላይ የመኪና አምፖል አሰረበት፤ ሸክም ሲያገኝ ኃይሉ ይወርድ እንደ ሆነ ለማየት ነው።

«አብሪው፣ እታለም።»

አበራሁት። በዚያው በሩ ተንኳኳ። ከፈት ባደርገው ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ናቸው። ቀድሞም ስለ ወንድሜ ሊጠይቁኝ መጥተው ያውቃሉ።

«እህቴ፣ ወንድምሽ አለ?» አለኝ አንደኛው።

«የለም» አልሁት። «ዱርቤቴ ከሄደ ሰነበተ።»

«አለ» አለ ወንድሜ ከጠረጴዛው ሥር። ዓይኑ ከቴስተሩ አልተነሣም። «አለ፣ እታለም። አሥራ ሁለት ቮልት፣ ንቅንቅ አላለም።»

ድምፁ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር።

ጥበቃው ፈገግ አለ። «እንግዲህ ራሱ አለ እያለ፣ አንቺ ምን ትደክሚያለሽ?»

ኃላፊውን አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ነበር።

ወንድሜ ብድግ ብሎ ሰዎቹን አየ፤ እኔንም አየኝ። «አጥፊው» አለኝ። አጠፋሁት። ጎንበስ ብሎ ቴስተሩን እንደገና ሽቦው ላይ አሳረፈ።

«የለም» አለ።

መካከላቸው አድርገው ወሰዱት። ከሰሜን ጦር ግንባር አልተመለሰም።

ኃላፊው መስኮቱ ሥር እንደ ቆሙ፣ «ማሽኑ ሠራ ማለት ነው?» አሉ።

ነጠላዬን ከወንበሩ አንሥቼ ወጣሁ።