የጫማ ቤቱ ሐኪም

አባቴ ፒያሳ፣ ከቤት ፈረሳው በተረፈች ጠባብ ሱቅ ጫማ ይሸጣል። ጫማ ሊለካ ካልሲውን ያወለቀ ደንበኛ ጣቶቹ መሃል ተልጦ ካየ ዝም ብሎ አያሳልፍም። «ልጄ የቆዳ ሐኪም ናት፤ ታይሃለች» ይለዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የማጠናው የእንቁራሪት ቆዳ ነው።

ስንቴ አስረድቼዋለሁ! እንቁራሪቶችን የሚፈጅ ፈንገስ አለ፤ ቆዳቸው ላይ ሰፍሮ ይገድላቸዋል። የአንዳንዶቹ ቆዳ ላይ ግን ፈንገሱን አላስጠጋ የሚሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እኔም እንቁራሪቷን በጥጥ ዳበስ አድርጌ እለቃትና፣ ጥጡ ላይ የቀሩትን ዘበኞቿን አምስት ኪሎ ባለው ላቦራቶሪ አሳድጌ ከፈንገሱ ጋር አፋጥጣቸዋለሁ። ፈንገሱ እነሱ አጠገብ ሲደርስ ቀጥ ብሎ የቆመ ዕለት ብቻዬን ጨፍሬያለሁ። እየበረርኩ ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት።

«ጎሽ! ግን እንቁራሪቷን ለሰው አታንሺ፤ ቆዳ ካልሽ ይበቃል» አለኝ።

ከፋኝ። በእኔ ይኮራል፣ በሥራዬ ያፍራል። አንድ ቀን እንኳ በስሙ ቢጠራልኝ ብዬ እመኝ ነበር።

የምወደው ሰው ሽማግሌ የላከ ዕለት ጉዱ ፈላ። እሱ ሥራዬን ያውቃል፤ ሽማግሌዎቹ ግን የሚያውቁት የፒያሳን ወሬ ነው። ቢስሚላህ ተብሎ፣ «ልጅዎን ለልጃችን» ተብሎ፣ አባቴም በወጉ «ልምከርበትና ትመለሳላችሁ» አለ። ይሄኔ የልጁ ትልቅ አጎት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ከመጣን አይቀር፣ ሐኪሟ ብቅ ትበልልን።»

ጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። ስወጣ አጎትየው አንድ እግራቸውን ከካልሲ አውጥተው ዘርግተዋል። አባቴ በዓይኑ ይለምነኛል። እውነቱን ብናገር በሽማግሌ ፊት ላዋርደው ነው፤ ብዋሽ ደግሞ ትዳሬን በውሸት ልጀምር ነው።

«ጋሼ፣ ለእርስዎ ፋርማሲ ይሻላል። እኔ የማጠናው የእንቁራሪት ቆዳ ነው።»

አጎትየው እግራቸውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«እንቁራሪትም እግሯን ይበላታል?»

ሳቄ አመለጠኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ፈንገሱ፣ ስለ ዘበኞቹ፣ እንቁራሪት ውሃ የምትጠጣው በአፏ ሳይሆን በቆዳዋ ስለመሆኑ። የሥራዬ ፍቅር አንደበቴን ፈትቶት የመጡበትን ጉዳይ ረስቼው ነበር። ስጨርስ አጎትየው ካልሲያቸውን እያጠለቁ ወደ አባቴ ዞሩ።

«ይቺን ይዘው ነው እንዴ ሐኪም ናት የሚሉን? ሐኪምማ ሞልቷል! ለእንቁራሪት ቆዳ እንዲህ የምትሳሳ ለልጃችን እንዴት ልትሆንለት ነው! በሉ፣ ሌላ ቀጠሮ የለም፤ ዛሬውኑ ይጨርሱልን።»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። አባቴም ቀስ በቀስ ፊቱ ተፈታና «እሺ፣ ሰጥቻለሁ» አለ። ዱዓ ተደርጎ እንግዶቹ ሲወጡ ጠጋ አለኝ።

«እውነት በቆዳዋ ነው የምትጠጣው?»

ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር። ከመታጨቴ እኩል ደስ አለኝ።

በሳምንቱ ወደ ሱቁ ጎራ ስል አንድ ጎረምሳ ባዶ እግሩን ተቀምጧል። አባቴ ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን አየና «ፋርማሲ ሂድ» አለው።

«ፋዘር፣ ሐኪም ልጅ አለችዎት ሲሉኝ እኮ ነው የመጣሁት።»

አባቴ ቀና ሲል በሩ ላይ አየኝ።

«ልጄ ላንተ አትሆንም» አለው፣ ድምፁን ለጎረቤት ሱቅ ጭምር ከፍ አድርጎ። «የእንቁራሪት ናት!»