አሲድ የሌለው ጨጓራ

ጨጓራ የሚያቃጥለው አሲድ ሲበዛ ነው ይባላል። ውሸት ነው። አሲድ ጨርሶ የሌለው ጨጓራም ይነፋል፣ ያቃጥላል፣ ሁለት ጉርሻ ሳይወርድ ጠገብኩ ያሰኛል። ይህን የተማርኩት በታላቅ እህቴ እግር ነው።

እህቴ ክሪስታል በምትባል ከተማ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያን ትንከባከብ ነበር። ምግብ አልረጋ ሲላት ለእኔ ደወለች። እኔ ዘንድ ለራሴ ጨጓራ የታዘዘልኝ ኦሜፕራዞል ነበር። እኛ ሐበሾች ኪኒን እንደ ድፎ ዳቦ ቆርሰን የምንካፈል ሕዝብ ነን፤ ዘመድ ያልቀመሰው መድኃኒት እንደሠራ አይቆጠርም። በላስቲክ ቋጥሬ እኔ ከምኖርበት ከኢገን ድረስ ነድቼ ወሰድኩላት። ሲያልቅባት እየገዛሁ አመላለስኩላት፤ ሦስት ዓመት። አሲድ በሌለበት ሆድ አሲድ ማጥፊያ።

ምላሷ ቀልቶ ሲያማት፣ “በርበሬ ቀንሺ” አልኳት። እግሬ ደነዘዘ ስትለኝ፣ “ብርዱ ነው፣ ወፍራም ካልሲ አድርጊ” አልኳት። ጾም አታፈርስም ነበርና ሥጋና እንቁላል የምትበላባቸው ቀናት ጥቂት ነበሩ፤ ከዚያችም ሰውነቷ የሚያገኘው አልነበረም። እኔ ግን ብዙ ያነበበ ሰው ነኝ፤ ብዙ ያነበበ ሰው ደግሞ መጠየቅ ይረሳል።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ፍሬን የረገጠች መስሏት ነዳጅ ረግጣ የጋራዧን በር ይዛው ገባች። ያኔ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሟ ከምርመራው በኋላ አስረዳችን፦ አሲድ የሚሠሩት የሆዷ ሕዋሳት ሞተዋል፤ ያለ እነሱ ከሥጋና ከእንቁላል የሚገኘው፣ ቢ-ቱዌልቭ የሚባለው ቫይታሚን ወደ ደሟ አይገባም፤ ነርቮቿ ተርበዋል።

“እግርሽ ከደነዘዘ ስንት ጊዜው ነው?” ብላ ጠየቀቻት።

እህቴ አየችኝና፣ “በቅርቡ ነው” አለች።

“ኪኒኑንስ ማን ሰጠሽ?”

“ራሴ ነኝ የገዛሁት።”

እግሯ ከደነዘዘ ዓመት አልፎት ነበር። እኔም አላረምኳትም።

የቫይታሚኑ መርፌ ደሟን መለሰ፣ እግሯን አልመለሰም። ሥራዋንም መኪናዋንም ተወች። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ልወስዳት ሄጄ ጫማዋን አጠለቅኩላት።

“ገባ?” አለችኝ።

“ገብቷል፣ እትዬ።”

“እንግዲህ አንተ ካልክ።” ሳቀች። “ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብበህ ጫማ አጥላቂ ሆነህ ቀረህ፣ ሊቁ።”

“እትዬ፣ ያን ኪኒን እኮ እኔ...”

“ዝም በልና ክሩን አጥብቀው።”

አጠበቅኩት። ይጥበቅ ይላላ አታውቅም።

እህታችሁ ወይም እናታችሁ በምግብ መሃል እጇን ከሰበሰበች፣ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። የሰጣችኋትን ሁሉ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሰጣችኋት ጭምር፣ ልትሸፍንላችሁ ስትሞክር አቋርጣችኋት ለሐኪሙ ተናገሩ።