የመሥሪያ ቤቱ መኪና ሬዲዮ

ወደ ሬዲዮው ጉዳይ ያገባኝ፣ በዳንግላው መሥሪያ ቤታችን እንግሊዝኛ የሚያነብ ጸሐፊ እኔ ብቻ መሆኔ ነበር። ሰሞኑን እንጅባራ ላይ ልጄ በመኪናው ውስጥ ስክሪን ሲያስገጥም የጋለ ሽቦ ሸተተኝና፣ ከስድሳ ዓመት በፊት የሠራሁት ነገር ፊቴ ተደቀነ።

አለቃችን ለመሥሪያ ቤቱ መኪና ሬዲዮ ከእንግሊዝኛ መመሪያ ወረቀቱ ጋር አስመጥተው እንድገጥመው አዘዙኝ። ሾፌሩ ጋሽ ደረሰ፣ ፊደል ያልቆጠሩ የዘንገና ሰው፣ አጠገቤ ቆመው ያያሉ።

«ልጄ፣ የዚህች መኪና ባትሪ ከአካሏ ጋር የታሰረው እንደ ብዙዎቹ በመቀነሱ ሳይሆን የመደመር ምልክት ባለበት ጫፍ ነው። ሽቦውን ገልብጠው።»

«ጋሼ፣ እርስዎ መሪዎን ይያዙ፤ ወረቀቱን እኔ አነባለሁ።»

«እሺ፣ የኛ ሊቅ! ወረቀቱ ግን መኪናዋን አይቷት ያውቃል?» ብለው ሳቁ።

ወረቀቱ እንዳለው አሰርሁት። ገና ስከፍተው ጭስ ወጣና ሬዲዮው ተቃጠለ።

አለቃችን ጭሱን አይተው ደረሱ። «ምን ሆነ?» አሉ።

«ጋሽ ደረሰ ሽቦውን ነካክተውብኝ ነው» አልሁ።

ጋሽ ደረሰ ወደ እኔ ዞሩ። «የተማረው ካለ እንግዲህ እኔ ምን እላለሁ» አሉ በዝግታ።

ይህችን ውሸቴን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኋትም። ጋሽ ደረሰ ከሥራ የተሰናበቱበትን ደብዳቤ፣ ሁሉም በሚያደንቀው የእጅ ጽሑፌ የጻፍሁት እኔው ነኝ። ቀኑንም፣ ሰኔ ዐሥራ ሦስትን፣ አልረሳሁትም።